ስሙ እንዳይጠራ ተከልክሎ ስለ ነበረው ነፋስ



ዛሬ በራዲዮ ያሰማሁትንና አሁን በዚህ ዓምድ የሚወጣውን ንግግር የጀመርሁት በአንድ ጥያቄ ነበር። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሕዝብ ላይ አደጋ ሊመጣ እንደሚችል ሲያውቅ፤ ነገር ግን መምጣቱን በእርግጥ ለመናገር ሳይችል ሲቀር፤ ምን ማድረግ ይገባዋል? ይናገር ወይስ ሕዝቡ እንዳይሸበር ዝም ይበል? ይህ ጥያቄ በየጠረጴዛችን ላይ በልዩ ልዩ መልክ የሚቀርብ ነው። እኔ ግን መልሱን ከሩቅ አገር ታሪክ፤ ይኸውም በአሜሪካ ሜዳዎች ላይ ከሚነሣው ቶርኔዶ ከሚባለው አውሎ ነፋስ ታሪክ ለመፈለግ አስቤአለሁ። የማነሣቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ነፋሱ ምን እንደ ሆነ እንረዳ። በበጋ ወራት በደረቅ ሜዳ ላይ አቧራና ገለባ እያሽከረከረ የሚሄደውን አዙሪት ያላየ ሰው በመካከላችን አይገኝም። ያ አዙሪት ፀሐይ ካጋለችው ምድር የሚነሣ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይበተናል። ቶርኔዶ ግን ከላይ፤ ከታላቅ የነጐድጓድ ደመና የሚወርድ ነው። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣ ሞቃትና እርጥብ አየር ከምዕራብ ደጋዎች ከሚመጣው ደረቅ አየር ጋር ይገናኛል፤ በላዩም ቀዝቃዛ አየር ያልፋል። የነፋሱ ፍጥነትና አቅጣጫ ከታች ወደ ላይ እየተለዋወጠ ሲሄድ አየሩ እንደ ተንከባላይ ግንድ መሽከርከር ይጀምራል። ወደ ላይ የሚወጣው ብርቱ አየር ያንን ግንድ አንሥቶ ያቆመዋል፤ ደመናውም በሙሉ መዞር ይጀምራል። ከዚህ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ከደመናው ሥር ጠባብ ዐምድ ወርዶ ምድርን ይነካል። አብዛኞቹ ዐሥር ደቂቃ እንኳ አይቆዩም። ከሁሉ የበረቱት ግን በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ኃይል ቤትን ከመሠረቱ ይነቅላሉ። በአሜሪካ አገር በያመቱ አንድ ሺህ ያህልና ከዚያም በላይ ይቈጠራሉ።

ይህን ነፋስ አስቀድሞ ለማወቅ ከተነሡት ሰዎች የመጀመሪያው ጆን ፓርክ ፊንሌይ የተባለ የጦር ሠራዊት ባልደረባ ነበር። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የአየርን ጠባይ የሚከታተለው የጦር ሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል ነበርና ፊንሌይ የስድስት መቶ ቶርኔዶዎችን ታሪክ ሰብስቦ መረመረ። ከሁለት ሺህ የሚበልጡ በጎ ፈቃደኞች በየአውራጃው ያዩትን እንዲጽፉለት አደረገ። በ1884 ዓ.ም. ደግሞ አገሩን በ18 ክፍል ከፍሎ፤ በቴሌግራም በሚደርሰው ወሬ ላይ ተመሥርቶ፤ በየትኛው ክፍል ቶርኔዶ ሊነሣ እንደሚችልና እንደማይችል መተንበይ ጀመረ።

ከትንበያዎቹ ውስጥ 2803 ያህሉ ተቈጥረው ሲመረመሩ ከመቶ 96.6 የሚሆነው ትክክል ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ጂልበርት የተባለ ሌላ ሊቅ ብዕሩን አንሥቶ አንድ ነገር አሳየ። አንድ ሰው ምንም ሳይመራመር በየቀኑ «ቶርኔዶ አይመጣም» እያለ ቢጽፍ ኖሮ ከመቶ 98.2 ትክክል ይሆን ነበር! ምክንያቱም ነፋሱ የሚመጣው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

አንባብያን ሆይ፤ የሥራ ክንውን መግለጫ መጻፍና ማንበብ ልማዳችን ስለ ሆነ በዚህ ቍጥር ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ፊንሌይ «ይመጣል» ብሎ አንድ መቶ ጊዜ ተናግሮ ነፋሱ የመጣው 28 ጊዜ ነው፤ 72 ጊዜ ተሳስቷል። ሳይናገር የመጣበትም 23 ጊዜ ነው። ሁልጊዜ «አይመጣም» የሚለው ሰው በመቶኛ ሲሰላ ከእርሱ ይበልጣል። ነገር ግን ያ ሰው በዘመኑ ሁሉ አንዲት ነፍስ እንኳ አያድንም። ፊንሌይ ግን 28 ጊዜ እውነተኛውን አደጋ አስቀድሞ አይቷል። ስሕተት አለመሥራትና ጥቅም መስጠት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

የበላይ ሹማምንት ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ተመለከቱት። ሕዝቡ ማስጠንቀቂያ ሲሰማ በድንጋጤ ይሸበራል፤ ከነፋሱ ይልቅ ሽብሩ ይጐዳዋል ብለው አሰቡ። ስለዚህ ከ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ ቶርኔዶ የሚለው ቃል በአየር ጠባይ ማስታወቂያ ላይ እንዳይጻፍ ተከለከለ። በ1891 ዓ.ም. ሥራው ከጦር ሠራዊት ወደ ሲቪል መሥሪያ ቤት ከተዛወረም በኋላ ክልከላው ጸና። እነዚህ ሹማምንት ክፉዎች አልነበሩም፤ ለሕዝብ ያሰቡ መስሏቸው ነው። ነገር ግን የነፋሱን ስም ከወረቀት ላይ መፋቅ ነፋሱን ከሰማይ አያስቀረውም።

ይህም በማርች 18 ቀን 1925 ዓ.ም. ታየ። በዚያን ዕለት ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ በሚዙሪ ግዛት አንድ ቶርኔዶ ተነሣ። ኢሊኖይን አቋርጦ ኢንዲያና ገብቶ እስኪጠፋ ድረስ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል፤ ወደ 350 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ተጓዘ። በአማካይ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር። ብዙ ሰዎች የተለመደውን የዐምድ መልክ ስላላዩበት የሚንከባለል ጥቁር ደመና መስሏቸው ቆሙ። መርፊስቦሮ በምትባል ከተማ ብቻ 234 ሰዎች ሞቱ። ዴ ሶቶ በምትባል ትንሽ ከተማ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ሕንጻ ወድቆ 33 ልጆች ሞቱ። በጠቅላላው የሞቱት 695 ነበሩ። እስከ ዛሬ ድረስ በአሜሪካ ታሪክ ይህን ያህል ሰው የገደለ ሌላ ቶርኔዶ የለም።

በዚያን ቀን የተሰጠው የአየር ጠባይ ማስታወቂያ ስለ ቶርኔዶ አንዳች ቃል አልያዘም። ሊይዝም አይፈቀድለትም ነበር። የጊዜው ዕውቀት ትንሽ እንደ ነበረ አይካድም። ነገር ግን ነፋሱ ሦስት ግዛት ሲያቋርጥ ከፊት ያሉት ከተሞች በኋላ ያሉት የደረሰባቸውን ሳይሰሙ ተመቱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ክልከላው በ1938 ዓ.ም. ላላ፤ ይሁን እንጂ ልማዱ ቶሎ አልለቀቀም። ልማዱን የሰበረው ከዐሥር ዓመት በኋላ በኦክላሆማ ግዛት በሚገኘው በቲንከር የአየር ኃይል ሰፈር የሆነው ነገር ነው። በማርች 20 ቀን 1948 ዓ.ም. ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ቶርኔዶ በድንገት ሰፈሩን መታ። የጠፋው አውሮፕላንና ንብረት ዐሥር ሚሊዮን ዶላር ያህል ተገመተ። አጣሪዎች መጥተው፤ ይህ ሊታወቅ የማይችል ነገር ነበርና ማንም ተጠያቂ አይሆንም ብለው ፈረዱ። የሰፈሩ አዛዥ ጄኔራል ቦረም ግን በዚህ አልረኩም። ሻለቃ ኧርነስት ፎቡሽና ሻምበል ሮበርት ሚለር የተባሉትን ሁለት የአየር ጠባይ መኰንኖች ጠርተው መንገዱን እንዲፈልጉ አዘዙ።

ሁለቱ መኰንኖች የቀድሞ ቶርኔዶዎች የተነሡባቸውን ቀኖች ካርታ አንድ ባንድ መረመሩ። በአምስተኛው ቀን፤ በማርች 25 ጧት፤ የሰማዩ ካርታ ከማርች 20 ቀን ካርታ ጋር አንድ ሆኖ አገኙት። አንድ ስፍራ በአምስት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመታል ማለት የማይመስል ነገር ነበር። ቢሳሳቱ መሳቂያ እንደሚሆኑ ያውቁ ነበር። ቢሆንም ማስጠንቀቂያውን ፈረሙ። አውሮፕላኖቹ ወደ መጠለያ ገቡ፤ የቀሩት ታሰሩ፤ ሰዎቹም ከአደገኛ ስፍራ ተነሡ። ሚለር ማዕረጌና እንጀራዬ አለቀ እያለ ወደ ቤቱ ሄደ። ከቀኑ 12 ሰዓት ገደማ ቶርኔዶው መጣ፤ ሰፈሩንም መታ። ሚለር ይህን የሰማው ከራዲዮ ነው። የንብረቱ ጥፋት እንደ ገና ብዙ ነበር፤ አንድም ሰው ግን አልሞተም።

ከዚህ በኋላ ሕዝቡ ለወታደር የሚነገረው ለእኛ ለምን ይደበቃል ብሎ ጠየቀ። በጁላይ 1950 ዓ.ም. የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ዋና ሹም ፍራንሲስ ራይክልደርፈር፤ ቶርኔዶን መተንበይ የሚከለክል ደንብ የለም የሚል ሰርኩላር ለሠራተኞቻቸው ጻፉ። በማርች 1952 ዓ.ም. ለሕዝብ የሚሰጠው የቶርኔዶ ማስታወቂያ ተጀመረ። የተፈራው ሽብር የት ደረሰ? አልመጣም። ሕዝቡ ከመሸበር ይልቅ መዘጋጀት ጀመረ።

ይሁን እንጂ ማስታወቂያ ብቻውን አይበቃም። በ1953 ዓ.ም. በቴክሳስ በዌኮ ከተማ 114፤ በሚሺጋን በፍሊንት አጠገብ 116፤ በማሳቹሴትስ በዉስተርና በአካባቢው 94 ሰዎች ሞቱ። የዌኮ ሰዎች ከተማችንን አውሎ ነፋስ አይነካትም የሚል የቆየ ተረት ነበራቸው። መሥሪያ ቤቱ መናገር ቢጀምርም፤ ወሬውን ፈጥኖ የሚያደርስና ሰምቶ የሚጠለል ገና አልተደራጀም ነበር። ከዚህ በኋላ ነው በየከተማው የአደጋ ደወል የተተከለው፤ ሰማይን የሚጠብቁ በጎ ፈቃደኞች የሠለጠኑት፤ በትምህርት ቤትም ልጆች መጠለልን የተለማመዱት።

የዚህ ድካም ፍሬ በጁን 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በካንሳስ ግዛት በቶፒካ ከተማ ታየ። የቶፒካ ሰዎችም የራሳቸው ተረት ነበራቸው፤ በስተ ደቡብ ምዕራብ ያለው በርኔት የሚባለው ኮረብታ ከተማውን ይጠብቃል ይሉ ነበር። በዚያን ዕለት ከምሽቱ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ እጅግ ብርቱ ቶርኔዶ በዚያው ኮረብታ ላይ ወጥቶ ወርዶ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው። ቢል ከርቲስ የተባለ፤ የሕግ ትምህርት እየተማረ በቴሌቪዥን የሚናገር ወጣት፤ ጥፋቱ ወደ ሕዝብ መሄዱን በተረዳ ጊዜ የተለመደውን የንግግር ሥርዓት ትቶ፤ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ተጠለሉ ብሎ ተናገረ። ብዙ መቶ ቤት ፈረሰ። የሞቱት ግን 16 ነበሩ። ያለ ደወልና ያለዚያ ድምፅ ቢሆን ኖሮ ስንት ይሆኑ ነበር ብሎ መገመት አያዳግትም።

እኔም በማይክሮፎን ፊት የምቀመጥ ሰው እንደ መሆኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ራሴን እጠይቃለሁ። የተጻፈልኝን ቃል በለሰለሰ ድምፅ ማንበብ ሥራዬ ነው። ያ ወጣት ግን ድምፁን ማለስለስ የማይገባበት ሰዓት እንዳለ አወቀ።

ከዚያው ከቶፒካ አንድ ሌላ ትምህርት ተገኘ። ከፊንሌይ ዘመን ጀምሮ ከምድር ቤት ውስጥ ደኅናው ስፍራ የደቡብ ምዕራብ ማዕዘን ነው ተብሎ ይመከር ነበር። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ጆ ኢግልማን የተጐዱትን ቤቶች ሲመረምሩ ነፋሱ በመጣበት በኩል ያለው ማዕዘን እንዲያውም የባሰ አደገኛ ሆኖ አገኙት። እንደዚሁ ደግሞ አየሩ ቤቱን እንዳያፈነዳው መስኮት ክፈቱ የሚለው ምክር ከንቱ ሆኖ ተገኘ፤ ቤትን የሚያፈርሰው የነፋሱ ግፊትና የሚወረውረው ስብርባሪ ነውና። በመንገድ ድልድይ ሥር መሸሸግም እንዲሁ ነው፤ በሜይ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በኦክላሆማ በድልድይ ሥር የተጠለሉ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ምክር ግን በታየው ነገር እየተመረመረ መታረም አለበት።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ተጣርቶ ዛሬ የሚሰጠው ምክር የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ዝግጅቱ የሚደረገው ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ነው። ቤተ ሰቡ የሚጠለልበት ስፍራ አስቀድሞ ይመረጣል፤ ይኸውም የምድር ቤት፤ እርሱ ከሌለ በታችኛው ፎቅ በቤቱ መካከል ያለ መስኮት የሌለው ትንሽ ክፍል ነው። ልጆችም ጭምር ወደዚያ መግባትን ይለማመዳሉ። በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ፤ የእጅ ባትሪ፤ ውሃ፤ የዘወትር መድኃኒትና ጠንካራ ጫማ በቅርብ ይቀመጣሉ።

ሁለተኛ፤ ሁለቱን ማስታወቂያዎች መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፤ ሁኔታው ለቶርኔዶ የተመቸ ነውና ተጠባበቁ የሚል ነው። ሁለተኛው፤ ቶርኔዶ ታይቷል ወይም በራዳር ታውቋልና አሁኑኑ ተጠለሉ የሚል ነው። ሁለተኛው ሲሰማ ከሚገኘው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ዕቃ ለመሰብሰብ መሮጥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል።

ሦስተኛ፤ በመጠለያው ውስጥ ጐንበስ ብሎ ራስንና አንገትን መሸፈን ነው፤ ብዙ ሰው የሚጐዳው በሚወረወር ስብርባሪ ነውና። በመኪና የሚጐተቱ ቀላል ቤቶች በሰንሰለት ቢታሰሩም አያድኑም፤ አስቀድሞ ወጥቶ ወደ ጠንካራ ሕንጻ መሄድ ይገባል። ሰፊ ጣራ ካለው አዳራሽም መራቅ ያስፈልጋል። በኤፕሪል 3 ቀን 1974 ዓ.ም. በኦሃዮ በዚንያ ከተማ ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው አዳራሽ ቴያትር ሲለማመዱ ነፋሱን አይተው ወደ ውስጠኛው መተላለፊያ ሮጡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቆመውበት በነበረው መድረክ ላይ አውቶቡስ ወድቆ ተገኘ። ልጆቹ ግን ዳኑ።

አራተኛ፤ ነፋሱ ካለፈ በኋላ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለመንካት፤ ጋዝ ከሸተተ እሳት አለመለኰስ፤ ባዶ እግር አለመሄድ ነው።

ዛሬ ራዳር በደመናው ውስጥ የሚዞረውን ነፋስ ያያል። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ጃፓናዊው ሊቅ ቴትሱያ ፉጂታ በ1971 ዓ.ም. የነፋሱን ብርታት በጉዳቱ የሚለኩበትን ደረጃ አወጡ። ከ1953 ዓ.ም. በኋላም ለ58 ዓመታት አንድ ቶርኔዶ ብቻውን በአሜሪካ መቶ ሰው አልገደለም። ነገር ግን በሜይ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በሚዙሪ በጆፕሊን ከተማ ከ150 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ደወሉ አስቀድሞ ተደውሎ ነበር። በኋላ ሲመረመር፤ ብዙዎቹ ነዋሪዎች ደወሉን ሰምተው ሌላ ማረጋገጫ እስኪያገኙ ድረስ እንደ ጠበቁ ታወቀ፤ ደወል መስማት ለምደዋልና። እንግዲህ የሚናገረው ሰው ግዴታ እንዳለበት ሁሉ የሚሰማውም ግዴታ አለበት።

ማስጠንቀቂያም ጠንካራ ግድግዳም በሌለበት ደግሞ ምን እንደሚሆን በኤፕሪል 26 ቀን 1989 ዓ.ም. በባንግላዴሽ በማኒክጋንጅ አውራጃ ታይቷል። በዚያ አንድ ቶርኔዶ 1300 ያህል ሰዎች ገደለ፤ 80000 ያህልም ቤት አልባ አደረገ። በዓለም ከተመዘገቡት ሁሉ ብዙ ሰው የገደለ እርሱ ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ፈጽሞ ሩቅ አይደለም። በቴክሳስ በዳላስና በአካባቢዋ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ከአንባብያንም መካከል በዚያ ልጅ ወይም እኅትና ወንድም ያለው አይጠፋም። በዲሴምበር 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ማታ፤ በበዓል ማግስት፤ በዳላስ አጠገብ በጋርላንድ በደረሰው ቶርኔዶ ዐሥር ሰዎች ሲሞቱ አብዛኞቹ የሞቱት በመኪና ውስጥ ነበር። በኦክቶበር 20 ቀን 2019 ዓ.ም. ግን በዚያው በዳላስ ሰሜን በሌሊት ብርቱ ቶርኔዶ አልፎ ብዙ ቤት ሲያፈርስ አንድም ሰው አልሞተም። ስለዚህ ወደዚያ ስትደውሉ፤ የጤናውን ነገር ከጠየቃችሁ በኋላ፤ ደወሉ ሲደወል የምትጠለለው የት ነው? ብላችሁም ጠይቁት። ወዲያው መልስ ካላገኘ ጥያቄው ጠቅሞታል ማለት ነው።

ወደ ተነሣንበት ልመለስ። ሃምሳ ዓመት ያህል አንድ ቃል ከማስታወቂያ ወረቀት ታገደ፤ ምክንያቱም ሕዝቡ እውነቱን አይችለውም ተብሎ ነበር። ሕዝቡ ግን እውነቱን ቻለው፤ ያልቻለው ዝምታውን ነው። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን ስለ ጐርፍ፤ ስለ እሳት፤ ስለ በሽታ ወይም ስለ ሰብል ጉድለት ያልተረጋገጠ ነገር ግን የሚያሠጋ ወሬ ሲደርሰን፤ መዝገብ ውስጥ አስገብተን እንዳንዘጋው፤ የምናውቀውን ያህል፤ አለማወቃችንንም ሳንደብቅ፤ ለሚመለከተው ሁሉ በጊዜው እናድርስ። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ቅጠሉን የሚይዘው ሰው እሳቱን አስቀድሞ ማየት እንዳለበት አውቀው ነው።